ሦስት ጭስ ማውጫ ያላት ኮሮላ

«ምን ገዛህ?» አለችኝ እማዬ በስልክ።

«ኮሮላ።»

«ተመስገን! አባትህም ከእሷ ሌላ መኪና አያምንም ነበር። ጎሽ፣ የኔ ልጅ።»

ስልኩን ስዘጋ ፊቴ ግሏል። አልዋሸሁም። ወረቀቷ ላይ «ቶዮታ ኮሮላ» ነው የሚለው። ግን ያልነገርኳት ብዙ ነው። ይቺ ኮሮላ 300 የፈረስ ጉልበት አላት። አራቱም ጎማዋ ይስባል። ካምቢዮዋ የእጅ ነው፣ ባለ ስድስት ማርሽ። ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት 60 ማይል ፍጥነት ውስጥ ለመግባት አምስት ሰከንድ ገደማ ይበቃታል። ከኋላዋ ደግሞ ሦስት ጭስ ማውጫ ተደርድሮላታል። ሦስት! እኛ ቤት አንዱ ሳይንጠለጠል ከዋለ ተመስገን ይባል ነበር።

ሙሉ ስሟ ጂአር ኮሮላ ነው። ቶዮታ በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳያት (ካልተናገርኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው) እኔ ሌሊት ሥራ ላይ ነበርኩ። ዲሲ ውስጥ የአንድ ሆቴል ሕንፃ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ቦይለሩ ጋ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ አየኋት። አሥራ ሦስት ዓመት አሜሪካ ስኖር የነዳሁት በሙሉ አውቶማቲክ ነው፤ አብዛኛው ያገለገለ ካምሪ። መኪና አምሮኝ አያውቅም ብል ይቀለኛል። ያን ሌሊት ግን ቪዲዮውን አራት ጊዜ አየሁት።

ለኛ ሰው ኮሮላ ማለት ጨዋነት ነው። ነዳጅ አትበላም፣ መለዋወጫዋ አይጠፋም፣ ስትሸጣት አታሳፍርም። «ልጁ ኮሮላ ገዛ» ከተባለ «ልጁ ቁም ነገር ያዘ» ማለት ነው። እና እዚያ ስም ላይ ይሄን ሁሉ እብደት መጫን ምን የሚሉት ነው? ፌራሪ ቢሆን ይገባኛል። ፌራሪ ያበደች ሆና ነው የተወለደችው። ኮሮላ ስታብድ ግን የሰፈሩ ዲያቆን ሲጨፍር እንደማየት ነው። ዓይንህን መንቀል አትችልም።

አባዬ ዲኤክስ የምትባለዋን የድሮ ኮሮላ የገዛው በ1987 ዓ.ም. ነው፣ በኛው አቆጣጠር። ከሰው እጅ ነው የገዛት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ የቆጠበውን በእቁብ ሞልቶ ክሬም ቀለም ያላትን ይዞ መጣ። አዲስ አበባ ላይ ዲኤክስ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። 1.3 ሊትር ሞተር፣ ካርቡራተር፣ የሚያሽከረክራት የኋላ ጎማ። ሰባ ገደማ ፈረስ አላት ይባላል። ዳገት ሲያዩ ግማሾቹ ይለግሙ ነበር።

ጠዋት ጠዋት እንገፋታለን። እኔና እህቴ ከኋላ፣ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከጎን፣ አባዬ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ። «ግፉ! ግፉ! በቃ!» ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቀው ትንገጫገጭና ትነሳለች። ጭሱ እኛ ላይ ነው። ዩኒፎርሜ ሁልጊዜ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር።

የዛሬ ልጅ «ሞዲፋይ» የሚለውን አባዬ «እስኪገኝ» ነበር የሚለው። በሞተሩ መጋጠሚያ መሀል የሚገባው ጓርኒሲዮን ከካርቶን ተቆርጦ፣ እስኪገኝ። የቀኝ በር መስታወት በእንጨት ሽብልቅ ተይዞ፣ እስኪገኝ። የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ በሽቦ ታስሮ፣ እስኪገኝ። አንዳንዱ ዕቃ አሥር ዓመት ሙሉ አልተገኘም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መለዋወጫው ገበያ፣ ሶማሌ ተራ ይዞኝ ይሄዳል። «ኦርጅናል ነው?» ይላል አባዬ። «ኦርጅናል ነው ጋሼ፣ ከመኪና ላይ የተፈታ!» ይላል ልጁ፣ ያለ ምንም ሐፍረት። አንድ ጊዜ ሐሙስ ሌሊት የተፈታብንን ስፖኪዮ ቅዳሜ ገዝተን ተመለስን። አባዬ በምስማር የጫራት ምልክት ጀርባው ላይ ነበረች። አገላብጦ አያት፤ ከፈለ። እስከ ቤት ድረስ ምንም አልተናገረም።

የኔዋን ለመግዛት ስምንት ወር ፈጀብኝ።

በ2023 ስትመጣ ሦስት ዓይነት ነበረች። ተራዋ 35,900 ዶላር፣ ሰርኪት የምትባለው 42,900፣ ሞሪዞ የምትባለው 49,900። ሞሪዞ የአኪዮ ቶዮዳ ቅጽል ስም ነው፤ ኩባንያውን ለዓመታት የመራው ሰው ራሱ ውድድር ላይ ሲነዳ የሚጠቀምበት። ሰውየው እውነትም ይነዳል፤ በ2007 ጀርመን ኑርበርግሪንግ ላይ የ24 ሰዓት ውድድር የገባው በዚሁ ስም ነው። ለአሜሪካ የመጡት ሞሪዞዎች 200 ብቻ ናቸው። የኋላ ወንበር የላቸውም። ሁለት ልጅ አለኝ፤ ስለዚህ ያን ሕልም ገና በጠዋቱ ተውኩት። ዓይኔን የጣልኩት ሰርኪቷ ላይ ነው።

እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ቤታችን አጠገብ ወዳለ አንድ ዲለር ሄድኩ። ሻጩ ወረቀት አመጣ። ከፋብሪካው ዋጋ ሥር ሌላ መስመር ተጨምሯል፤ «የገበያ ማስተካከያ፣ 15,000 ዶላር» ይላል።

«ይሄ የምን ማስተካከያ ነው?»

«ፈላጊ ብዙ ነው።»

አባዬ መርካቶ ላይ የማይሳሳት ዘዴ ነበረው። ዋጋውን ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ፊቱን አዙሮ ቀስ ብሎ ይሄዳል። አሥር እርምጃ ሳይሞላ «ጋሼ! ጋሼ! ና እስቲ፣ ስንት ትላለህ?» የሚል ድምፅ ከኋላው ይመጣል። እኔም ተነሳሁ። ራሴን ነቀነቅኩ። ቀስ ብዬ ተራመድኩ። በሩን ከፈትኩ። ፓርኪንጉን አቋረጥኩ። ማንም አልጠራኝም።

ከዚያ በኋላ በየስቴቱ ስደውል ከረምኩ። የስልክ ዝርዝር በኤክሴል ሠራሁ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ልጅ ነኝና። በመጨረሻ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ራቅ ያለች ከተማ ላይ አንዲት ነጭ ሰርኪት በፋብሪካ ዋጋ ተገኘች፤ ያዘዛት ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ነው። ጓደኛዬ ሌሊት ተነስቶ ወሰደኝ። ፊርማው አለቀ፤ ቁልፉን ተቀበልኩ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ፤ አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል። ግራ እግሬ ፍሪሲዮኑን ፈለገ። አሥራ ሦስት ዓመት የቦዘነ እግር ነው። አስነሳሁ፣ አንደኛ አስገባሁ፣ ለቀቅኩ።

ጠፋችብኝ።

እንደገና። ጠፋችብኝ። ሻጩ በመስታወቱ ውስጥ ቆሞ ያየኛል። ጓደኛዬ ከኋላዬ ካምሪው ውስጥ ሆኖ እጁን አውጥቶ «እንግፋት?» አለኝ። የሳቁ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በሦስተኛው ተነሳች።

መኪናዋ ውስጥ የማታስፈልግ የምትመስል አንዲት ቁልፍ አለች፤ አይኤምቲ ትላለች። እሷን ከተጫንክ ማርሽ ስትቀንስ መኪናዋ ራሷ ነዳጅ ነካ አድርጋ የሞተሩን ዙር ታስተካክልልሃለች። አባዬ አባይ በረሃን ሲወርድ በቀኝ እግሩ ጫፍና ተረከዝ የሚሠራውን ሥራ ማለት ነው። እኔ ያንን ለመማር አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል፤ ከነኩርኩሙ። አሁን ቁልፍ ሆኗል። የመጀመሪያውን ሳምንት አጥፍቼ ነዳሁ። በሁለተኛው ሳምንት አበራኋት። ማን ያየኛል?

ባለቤቴ ኮፈኑን ከፍታ አየች። «ስንት ሲሊንደር ነው?» «ሦስት።» ዝም ብላ አየችኝ። «ይሄን ሁሉ ገንዘብ ከፍለህ የባጃጅ ሞተር?» ባጃጅ ሲሊንደሩ አንድ ነው ብዬ ልከራከር አሰብኩና ተውኩት። ነገሩ ግን ያስደንቃል። 1.6 ሊትር ብቻ ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ከተርቦው ነው። ተርቦው በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ይጠቀጥቃል፤ ግፊቱ 25 ፒኤስአይ ይደርሳል። ጎማ ውስጥ ከሚሞላው ብዙም አያንስም። ያን ሁሉ አየር የሚመጥን ቤንዚን ሲጨመርበት ነው ከአባዬ ሞተር ትንሽ ብቻ የሚበልጠው ሞተር አራት እጥፍ ፈረስ የሚያወጣው። የኔዋ የተሠራችውም እንደ ሌሎቹ በረጅም የማምረቻ ሰንሰለት ላይ አይደለም። ጃፓን፣ ቶዮታ ከተማ፣ ሞቶማቺ ፋብሪካ ውስጥ ለብቻው በተከለለ ቦታ፣ ከጣቢያ ጣቢያ በራሱ በሚሄድ ጋሪ እየተጓጓዘች ነው የተገጣጠመችው። ሦስቱ ጭስ ማውጫ ግን ሰው እንደሚያስበው ለሦስቱ ሲሊንደር አንድ አንድ የታደለ አይደለም። ጭሱ ከሥር በአንድ ቱቦ መጥቶ መጨረሻ ላይ ነው የሚከፋፈለው። ይሄን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ባጃጁ ይበቃኛል።

እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ስካይላይን አካባቢ ካሉት የኛ ካፌዎች አንዱ በር ላይ ሳቆማት ጉባኤ ተጠራ። «ለኡበር ትሆናለች?» አለ አንዱ። «በዚህ ብር ሌክሰስ አይገኝም ነበር?» አለ ሌላው። በዕድሜ የገፉ ታክሲ ነጂ አባት ዞሯት፣ ጎንበስ ብለው አዩና «ዲኤክስን ገድለው ነው ይቺን የሠሩ» አሉ። አንዱ ደግሞ «አገር ቤት ላካት» አለኝ። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በቤንዚንና በናፍታ የሚሄድ የቤት መኪና ኢትዮጵያ እንዳይገባ መከልከሉን አስታወስነው። «እንግዲያስ አጎትህ ጋ ያለችውን ዲኤክስ አትሽጡ» አለ። የኛዋ አሁንም ገርጂ፣ አጎቴ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ትነሳለች ይላሉ። በግፊ ይሁን በቁልፍ አልጠየቅኩም።

በሽታው የጀመረኝ ከገዛኋት በሁለተኛው ወር ነው።

መጽሐፏ መጀመሪያ 1,000 ኪሎ ሜትር በለዘብታ ንዳት ይላል። ታገስኩ። ኪሎ ሜትሩ ሲሞላ ግን እጄ ቦዘነ። ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ስልኬን ይዤ ዕቃ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ቸርኬ፤ የፋብሪካው ጠበብ ብሎ ታየኝ። ሰፊ ቸርኬ ሰፊ ጎማ ይፈልጋል። ከዚያ የማርሽ ማስገቢያውን እንቅስቃሴ የሚያሳጥር ዘንግ። ከዚያ የአየር ማስገቢያ። የሞተር ማቀፊያ ጎማ እንኳ ቀየርኩ፤ ለምን እንደሆነ በደንብ አላስታውስም። ካርቶን በር ላይ ሲከመር ባለቤቴ በእግሯ ገፋ እያደረገች ትገባለች። ልጄ የካርቶን ቤት ሠራበት። ባለ ሁለት ፎቅ።

ትልቁ ዕቃ ማርሚታው ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የመኪና ዕቃ ስም የማውቀው በሶማሌ ተራ ቋንቋ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራውልት። ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ መካኒኮቻችን ያሳደጉት ቋንቋ ነው። አሜሪካ መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ዕቃ መሸጫ ገብቼ «ማርሚታ» ብዬ ሰውየው በትሕትና የምግብ ሱቅ አመላክቶኛል። አሁንም ሞተር ሳስብ በዚያ ቋንቋ ነው የማስበው።

ለማርሚታው 1,700 ዶላር ሰጠሁ። የገጠመልኝ ጋራዥ ሰውዬ ሌላም ሐሳብ ነበረው። «ካታሊቲኩን ቆርጠን እንጣለው፣ ኮምፒዩተሩን እንቀይርልህ፣ ሌላ 60 ፈረስ ታገኛለህ።» ካታሊቲክ የሚባለው የጭሱን መርዝ የሚያከሽፈው ዕቃ ነው፤ እሱን ማውጣት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። እሱን አልኩት። ሳቀብኝ። የኮምፒዩተሩ ጉዳይ ግን ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነሳኝ። አሜሪካ ውስጥ ከ1975 ጀምሮ ያለ ሕግ አለ። የሌላ ኩባንያ ዕቃ ስለገጠምክ ብቻ ዋስትናህን መሰረዝ አይችሉም፤ ጉዳቱን ያመጣው ያ ዕቃ መሆኑን ማሳየት አለባቸው። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን የሞተሩን ኮምፒዩተር ነካክተህ ፒስተን ከቀለጠብህ ለማሳየት ብዙም አይቸገሩም። ተውኩት። የሒሳብ ሠራተኛ ልጅ።

የማርሚታው ድምፅ መጀመሪያ ቀን ደስ ይላል። ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ገብቼ መስኮት ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዞሬያለሁ፤ አልክድም። በሦስተኛው ቀን ዲሲን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ስሄድ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ይጮህ ጀመር። እንደ ንብ ነው። ፍጥነቴን ስጨምር ይጠፋል፤ ስቀንስም ይጠፋል። ችግሩ ሁሉም ሰው የሚሄድበት ፍጥነት ላይ ነው የሚጮኸው። ትንሿ ልጄ ኋላ ሆና ሁለት ጆሮዋን ይዛ «ባቢ፣ አጥፋው» ትላለች።

እሑድ ለቅዳሴ ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ወጣን። ሳስነሳት የጎረቤቱ መብራት በራ። ከዚያ የሌላኛው። ከዚያ ውሻው። ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ስንደርስ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱት አስተናባሪ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መጡ። «ወንድሜ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እዚያ ማዶ፣ ዳር ላይ አቁማት። ኪዳን እየደረሰ ነው።» ባለቤቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ለጸሎት መስሎኝ ነበር።

እና በዚህ ሁሉ መሀል የት ልነዳት ነው? ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ ቅጣት አይደለም፤ ወንጀል ነው። ፍርድ ቤት ያስቆማል፤ እስከ አሥራ ሁለት ወር እስራት ድረስ ሊያስቀጣ ይችላል። የፖሊስ ራዳር ማሽተቻ መጠቀምም ክልክል ነው። ካውንቲው ደግሞ በየዓመቱ በዋጋዋ ልክ ግብር ይቆርጣል፤ ቦሎውም ለብቻው በየዓመቱ አለ። 300 ፈረስ ገዝቼ ትራፊክ መብራት ላይ አሰልፌያቸዋለሁ ማለት ነው።

መፍትሔው ከመኪናዋ ጋር በነፃ መጥቶ ነበር፤ ወረቀቱን አላነበብኩትም እንጂ። አዲስ ገዢዎች የናሳ አባልነትና የአንድ ቀን የሜዳ መንዳት ትምህርት ይሰጣቸዋል። ናሳ የጨረቃው አይደለም፤ የአማተር እሽቅድምድም ማኅበር ነው። እኔ ግን ቤት ውስጥ «ቅዳሜ ናሳ ልሄድ ነው» ብዬ ለልጄ ነገርኩት። ሰኞ ትምህርት ቤት አውርቶ አስተማሪው ደወለች።

ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት የሚባል ሜዳ አለ፤ ከኛ ቤት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ሁለት ማይል ዙር፣ አሥር ኩርባ። ሄልሜት ተደርጎ፣ ጋቢና አስተማሪ ተቀምጦ ነው የሚነዳው። የኔ አስተማሪ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ቸርኬዬን አዩት፣ ማርሚታዬን አዩት፤ «የፍሬን ዘይትህን መቼ ቀየርክ?» አሉኝ። «አዲስ እኮ ነች» አልኳቸው። ምንም አላሉም።

የመጀመሪያው ዙር ላይ መሪውን የያዝኩት አንገት እንደማንቅ ነው። በሁለተኛው ላልኩ። አንዲት ትንሽ የ1990 ማዝዳ ሚያታ፣ 116 ፈረስ ብቻ ያላት፣ ሁለት ኩርባ ላይ ከኋላዬ ተጣበቀችና አስተማሪዬ «አሳልፋት» አሉኝ። አሳለፍኳት። ቀለሟ የተላጠ ነው። ያን ጊዜ ነው እልህ የያዘኝ። በአራተኛው ዙር ረጅሙን ቀጥታ ነዳጅ እስከ ወለሉ ሰጥቼ መጣሁ። ከ110 ማይል በላይ ነኝ። መጨረሻው ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኩርባ አለ፤ እዚያ ነው ኃይለኛው ፍሬን። ረገጥኩ።

ፔዳሉ ገባ። ምንም ሳይገታው፣ ትራስ እንደመርገጥ፣ ወደ ታች ሄደ።

እንጦጦ ማርያም ደርሰን ስንመለስ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እማዬ ጋቢና፣ እኔና እህቴ ኋላ። ከቁልቁለቱ መሀል የአባዬ እግር አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሲረግጥ አየሁ። እማዬ ዳሽቦርዱን ይዛ «ድንግል ማርያም!» አለች። አባዬ አልጮኸም። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ። ዲኤክሷ እሪ አለች። ከሁለተኛ ወደ አንደኛ። የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ሳብ፣ ትንሽ ለቀቅ። ሽሮ ሜዳ፣ ጥበብ ሻጮቹ ጋ ስንደርስ ቆመች። ወርዶ ድንጋይ ከጎማው ሥር አደረገ። ከዚያ መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ ሲጋራ ለኮሰ። ሲያጨስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እጄ ራሱ ሄደ። አራተኛ፣ ሦስተኛ። ሞተሯ ጮኸች። ፔዳሉን ደጋግሜ ስመታው ትንሽ ያዘ። ኩርባውን አልታጠፍኩትም፤ ቀጥ ብዬ ሣሩ ላይ ወጣሁ፤ አቧራ ተነሳ፤ ቆምን። አስተማሪዬ ጓንታቸውን አወለቁ። «ማርሽ መቀነስ ማን አስተማረህ?» አሉኝ። «አባቴ» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። የፍሬን ዘይት እየቆየ እርጥበት ይጠጣል። የፍሬኑ ሸራና ዲስክ በጣም ሲግሉ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ያልፍና ይፈላል፤ አረፋ ይፈጥራል። ዘይት አይጨመቅም፤ አረፋ ይጨመቃል። እግርህ ኃይሉን ሁሉ አረፋ ላይ ይጨርሳል፤ ሸራው ጋ የሚደርስ የለም። ከፋብሪካ የመጣው ዘይት ለመንገድ ይበቃል፤ ከ110 ማይል ላይ በየዙሩ ለሚረግጥ ሰው ግን አይበቃም። ከፍ ያለ ሙቀት የሚችለው ጠርሙስ 30 ዶላር ነው። እኔ ለድምፅ 1,700 አውጥቻለሁ። ለቸርኬ ስንት እንዳወጣሁ ባለቤቴም ይሄን ልታነብ ስለምትችል አልጽፍም።

ማርሚታውን አውልቄ የፋብሪካውን መለስኩ። ያወለቅኩትን አንድ ልጅ በግማሽ ዋጋ ወሰደው፤ ጎረቤቶቹን ጌታ ይርዳቸው። ቸርኬው አለ። እሱስ ያምራል።

ባለፈው ቅዳሜ የፍሬን ዘይቱን ራሴ ቀየርኩ። መኪናዋን በክሪክ አነሳሁ፣ ሥሯ መቆሚያ አደረግኩ፣ ጎማዎቹን ፈታሁ። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፤ አንዱ ሥር ሆኖ ብሎኗን እየከፈተ አሮጌውን ዘይትና አየሩን ያወጣል። ልጄን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እግሩ እንዲደርስ ወንበሩን እስከ መጨረሻ ሳብኩለት።

«ርገጥ!»

«ረገጥኩ!»

«ያዝ!» ብሎኗን በሩብ ዙር ከፈትኩ። በግልጹ ቱቦ ውስጥ ሻይ የመሰለ ዘይት መጣ፤ መሀሉ ላይ ትንንሽ አረፋ። ዘጋሁ። «ልቀቅ!»

ከኋላ ቀኝ ጀመርን፤ ከመሪው የሚርቀው እሱ ነው። ዘይት ቀለም ስለሚበላ አጠገቤ ውሃ አስቀምጫለሁ። ሦስተኛው ጎማ ጋ ስንደርስ እግሩ ደከመው። «ስንት ይቀራል?» «አንድ ጎማ። ርገጥ።» አዲሱ ዘይት ጥርት ብሎ መጣ። አረፋ የለም። በመጨረሻ ራሴ ገብቼ ረገጥኩት። እንደ ድንጋይ ጠንክሯል።

ያኔ ስልኩ ጠራ። እማዬ ናት፣ በቪዲዮ። እጄ ዘይት ስለሆነ ልጄ አነሳው። እየዞረ መኪናዋን ያሳያት ጀመር፤ ላስቆመው አልቻልኩም። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ።

«ቆይ ቆይ» አለች እማዬ። «ይሄ ሁሉ ጭስ ማውጫ ለምንድን ነው?»

«ፈጣን ናት፣ እማማ! በጣም ፈጣን!»

ትንሽ ዝም አለች። «ፍሬኗስ ይይዛል?» ብላ ጠየቀች።

«ይይዛል እማዬ» አልኩ ከመኪናዋ ሥር ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«አሁን ነው የሚይዘው» አለ ልጄ። «ባለፈው ግን ባቢ ፍሬን እምቢ ብሎት ሣር ውስጥ ገባ። ለእማ እንዳትነግራት ብሎኛል።»

ከማዶ ድምፅ ጠፋ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ቀና ስል በረንዳው ላይ ባለቤቴ ቆማለች።

«የኔ ጌታ» አለች እማዬ ቀስ ብላ፣ «ስልኩን ለአባትህ ስጠው እስቲ።»